ትርፍ የተባለው ላሜራ

ጋሼ መፍቻ ጄሪካኑን ከፍ አድርገው ውሃውን በሚጤሰው ሞተር ላይ ሊደፉት ሲሉ፣ «ኧረ በፈጠረዎት አባቴ፣ እንዳያፈሱት!» የሚል የሴት ድምፅ ከኋላቸው መጣና እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

ቦታው የዳገቱ ወገብ ነው። ከታችኛው ሰፈር ተነስቶ ኮረብታው አናት ላይ ወዳለው ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ ሰባት ጊዜ ይጠማዘዛል፤ የጋሼ መፍቻ አሮጌ ባለቱርቦ መኪና አምስተኛው ጥምዝ ላይ አቅሟ ከድቷት ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች። ከኋላ ወንበር ባለቤታቸው ሻርፓቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል፤ የተቃጠለው ጎማ ሽታ ለጠላት አይስጥ የሚያሰኝ ነው።

የእኒህ እመቤት ኩላሊት ሥራ ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ሄደው ደማቸውን በመሣሪያ ያሳጥባሉ፤ ተራቸው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ያረፈደ ሰው መሣሪያውን ለቀጣዩ ባለተራ ይለቅና ክፍት ሰዓት እስኪገኝ ይጠብቃል፤ ያም ቢገኝ የሚደርሰው ግማሽ እጥበት ነው። በዚህ ወር ሁለት ጊዜ አርፍደዋል። እግራቸው ማበጥ ጀምሯል፤ ሐኪሙም ሦስተኛ እንዳይደገም ብሎ አስጠንቅቋል። ጋሼ መፍቻ ይህን ሁሉ ስለሚያውቁ ነው ወደ ጄሪካኑ የተጣደፉት።

ድምፁን ያሰማችው ሴት ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ኮረብታው ላይ ባለው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ስለ ሞተርና ስለ ሙቀት የምታስተምር መምህርት ናት፤ ጠዋት ጠዋት ቦርሳዋን አንግታ ዳገቱን በእግሯ ትወጣዋለች።

«ምነው ልጄ?» አሉ ጋሼ መፍቻ። «የጠማውን ማጠጣት ነውር ሆነ እንዴ?»

«ነውርስ አይደለም። ግን ይኼ ብረት አሁን ፍም ላይ እንደዋለ ሸክላ ነው። የጋለ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢደፉበት ምን ይሆናል?»

«ይሰነጠቃል።»

«ይኸውልዎ!»

«ይኼ ሸክላ አይደለማ! ብረት ነው። እኔ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ሳጠጣ ነው የኖርኩት።»

«ስንቱ ተሰነጠቀብዎ ታዲያ?»

ጋሼ መፍቻ ጄሪካኑን መሬት አስቀመጡ። ብዙ ተሰንጥቆባቸዋል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ በፋብሪካው ነበር የሚያሳብቡት። አርባ ዓመት ሙሉ መኪና ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ ከኪሳቸው የማይለይ ሰው በመንገደኛ ልጅ ሲጠየቅ ደስ አይለውም። በአገር የታወቀ ባለሙያ «አላውቅም» ከሚል ጥርሱን ቢያስነቅል ይመርጣል፤ ይህ የእርሳቸው ብቻ በሽታ አይደለም።

መምህርቷ ጎንበስ ብላ አየች። «የራዲያተሩ ውሃ ሙሉ ነው። ሞተሩን መቼ አጠፉት?»

«ገና እንደቆምኩ! የደከመ ይረፍ ብዬ ነዋ።»

«እባክዎ ያስነሱት። ነዳጅ መስጫውን ሳይረግጡ ዝም ብሎ ይሥራ። መስኮቶቹን ይክፈቱና የውስጡን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ይልቀቁት።»

ጋሼ መፍቻ ከት ብለው ሳቁ። «ማሞቂያ? በሙቀት ላይ ሙቀት? ልጄ፣ ይኼን ነው እንዴ የሚያስተምሯችሁ?»

«አንተ ሰውዬ፣» አሉ ባለቤታቸው ከውስጥ፣ «ያንተን ዘዴ ሁለት ጊዜ አይተነዋል። እስቲ የእሷን ደግሞ አንዴ እንየው። ከተቀቀልኩም ልቀቀል።»

ማሞቂያው ተለቀቀ። እሳት የሚመስል አየር ወጣ፤ እመቤቲቱ አንገታቸውን በመስኮት አወጡ። «እሱም ትንሽዬ ራዲያተር ነው፣» አለች መምህርቷ፣ «ከሞተሩ ሙቀት ተሻምቶ ያወጣል።» ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የሙቀት መለኪያዋ ቀስት ቀስ እያለች ወረደች። ጋሼ መፍቻ ቀስቷን አዩ፣ ልጅቷን አዩ፣ እንደገና ቀስቷን አዩ።

ሆስፒታሉ ሲደርሱ ግን ሦስት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። መሣሪያውን ሌላ ሰው ይዞታል። እመቤቲቱ እስከ አሥር ሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጠበቁ፤ ጋሼ መፍቻም የባለቤታቸውን ያበጠ እግር ጭናቸው ላይ አድርገው አብረው ጠበቁ። መምህርቷ ስትለያቸው «ቅዳሜ ወርክሾፑ ባዶ ነው፣ ይምጡና አንድ ነገር ላሳይዎ» ብላ ነበር። እርሳቸውም «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ተማሪ ቤት?» ብለው ነበር። አግዳሚው ላይ እያሉ ባለቤታቸው፣ «ቅዳሜ እንሄዳለን፣» አሉ።

«ሲያረጁ አምባር ይዋጁ እንዳይሉኝ ነው እኮ።»

«ይበሉህ። አምባሩን እኔ አደርገዋለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት መምህርቷ ያዘዘችው ነገር ለጋሼ መፍቻ የቀልድ ያህል ነበር፦ ዳገቱን ሳይቆሙ ይውጡ፣ ሞተሩን ሳያጠፉ በቀጥታ ወደ ወርክሾፑ ይግቡ። እንደተባሉት ገቡ። ጭሱን ወደ ውጭ የሚስብ ቱቦ ከማርሚታው ጫፍ ጋር አጋጠመች፤ ከዚያ ትልቁን በር ዘጋች፣ የመስኮቶቹን መጋረጃ አወረደች፣ መብራቱንም አጠፋች።

«ምን ልታደርጊን ነው?» አሉ እመቤቲቱ።

«ኮፈኑን ይክፈቱት፣» አለች።

መጀመሪያ ምንም አልታያቸውም። ዓይናቸው ጨለማውን ሲለምድ ግን ከሞተሩ ጎን፣ ቱርቦው ካለበት፣ አንድ ቀይ ነገር ብቅ አለ። መብራት አይደለም። ብረቱ ራሱ ያበራል። ቀንድ አውጣ የመሰለው የቱርቦ ቤት ከጠርዙ እስከ አንገቱ ፍም ሆኗል፤ በዙሪያው ያሉት ቱቦዎችና ሽቦዎች፣ የቡሎኖቹ ራስ ሳይቀር፣ በእርሱ ብርሃን ቀልተው ይታያሉ። ሞተሩ ዝም ብሎ እያንጎራጎረ ነው። ጋሼ መፍቻ ሳያስቡት ቆባቸውን አወለቁ።

«አምላኬ!» አሉ ባለቤታቸው በሹክሹክታ። «ይህን እሳት ታቅፈን ነው የምንሄደው?»

«አርባ ዓመት...» አሉ ጋሼ መፍቻ። «አርባ ዓመት እጄን እዚህ ስከት ኖሬ አንድም ቀን አላየሁትም።»

«የእርስዎ ጋራዥ ጣሪያ ነበረው?»

«አልነበረውም። ሜዳ ላይ ነበር የምንሠራው።»

«ፀሐይ ፍምን ትደብቃለች አባቴ። ከአፍንጫዎ ሥር ነበረ፣ ግን የሚያዩበት ጨለማ አልነበረዎትም።»

ቀዩ ቀለም ቀስ በቀስ ወደ ጥቁር ሲመለስ ሦስቱም ቆመው አዩት። ያን ጊዜ መብራቱን አበራችና ለማስተማሪያ ለሁለት የተቆረጠ አሮጌ ቱርቦ ከጠረጴዛ አነሳች። «ይቺን ክንፍ ያላት መዘውር ያያሉ? የሞተሩ ትኩስ ጭስ ነው የሚያሽከረክራት፤ ዳገት ላይ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ እየዞረች ለሞተሩ አየር ትገፋለታለች። ዘንጓ ብረት ላይ አይደለም የሚቀመጠው፤ ከፀጉር በቀጠነ የዘይት ንጣፍ ላይ ነው የሚንሳፈፈው።»

«መቶ ሺህ?»

«በደቂቃ። ዘይቱ ያቀዘቅዛታልም ያለሰልሳታልም። አሁን እርስዎ ዳገቱን ጨርሰው ወዲያው ቁልፉን ሲያጠፉት ዘይቱ ባለበት ይቆማል። ብረቱ ግን ፍም ነው። ዘይቱ ምን ይሆናል?»

ጋሼ መፍቻ የተቆረጠውን ቱርቦ ተቀብለው ቀዳዳውን በጥፍራቸው ጫሩት። ጥቁር ቅርፊት ወጣ። «ከሰል፣» አሉ ቀስ ብለው። ለዚህች መኪና ብቻ አራት ቱርቦ ቀይረዋል፤ አራቱንም ጊዜ «የዛሬ ዘመን ዕቃ» እያሉ አማርረዋል። ለደከመው እያዘኑለት ይገድሉት ነበር ማለት ነው።

ሞተሩ ጠፍቶ ሲበርድ መምህርቷ ከቱርቦው አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ወደሚያልፍ የጎማ ቱቦ አመለከተች። «ይኼን በፒንሳ ጫን ያድርጉት።» ጫን አደረጉት። ጎማው እንደ ደረቅ ቅርፊት ፍርክስክስ አለ። ቱቦው የነዳጅ መስመር ነው። ጋሼ መፍቻ ፒንሳውን እንደያዙ ዘወር ብለው የኋላ ወንበሩን አዩ፤ ባለቤታቸው ሁልጊዜ የሚቀመጡበትን፣ ለእግራቸው ማስደገፊያ ትራስ የተቀመጠበትን። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚፈሩት ማርፈድን ብቻ ነበር።

«ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣» አለች መምህርቷ በለሆሳስ። «ጎማው በዕድሜ ብቻ አይደለም የደረቀው፤ ፊት ለፊት ስለተጠበሰ ነው። ፋብሪካው ይህን ያውቅ ነበር። እነዚህን አራት የቡሎን ቀዳዳዎች ያያሉ? እዚህ ላይ የሙቀት መከለያ ላሜራ ነበረ። የት ሄደ?»

«እሱማ ትርፍ ላሜራ ነው!» ጋሼ መፍቻ ትንሽ ነፍስ ዘሩ፤ ይህን ያውቁታል። «ልጄ፣ እሱ ሲላላ ከመንቀጫቀጭ በቀር ጥቅም የለውም። እኔ ጋራዥ የገባች መኪና መጀመሪያ የምትለቀው እሱን ነበር። ባለመኪናው ራሱ ጩኸቱ ሲጠፋለት ይመርቀኛል። የሰፈሩ መካኒክ ሁሉ ከእኔ ነው የተማረው። የዚችንም ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ፈትቼ ጣልኩት።»

«አልጣልከውም፣» አሉ ባለቤታቸው።

«ጥዬዋለሁ።»

«ከምድጃዬ ጀርባ ነው ያለው።»

ጋሼ መፍቻ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«የእንጨቱ ግድግዳ ጠቁሮ ሊነድ ደርሶ አልነበረም? ‘ቆይ መላ አለኝ’ ብለህ አንድ የተቆለመመ ላሜራ ከመኪናዋ ፈትተህ አመጣህ። ከግድግዳው ጋር አታጣብቀው፣ መሀሉ አየር ይለፍበት ብለህ ከየምስማሩ ሥር ባዶ የክር ማጠንጠኛ አስገባህ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋት ማታ እሳት አነድበታለሁ፤ ግድግዳው ከዚያ ወዲህ አልጠቆረም። ከኋላው እጄን ብሰድ ቀዝቃዛ ነው።» እመቤቲቱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለግድግዳው ያሰብክለትን ለእኔ ሳታስብልኝ ቀረህ።»

መምህርቷ አንገቷን ደፋች። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ ጋሼ መፍቻ ሙቀትን በላሜራና በአየር መመለስ ያውቁ ነበር፣ በገዛ እጃቸውም ሠርተውታል፤ ነገር ግን ምድጃው ቤት፣ ሞተሩ ጋራዥ ስለሆነ ሁለቱ እሳቶች አንድ መሆናቸው አልታያቸውም። ትምህርት ቤት ያላየነውን ሁሉ የሚያሳየን እየመሰለን እንፈራዋለን። ብዙ ጊዜ የሚያሳየን የምናውቀውን ነው።

«ልጄ፣» አሉ ጋሼ መፍቻ፣ «ምን ላድርግ?»

ያን ቀንና በማግስቱ ሠሩ። ላሜራው ከምድጃው ጀርባ ተነቅሎ፣ በምትኩ ሌላ ቆርቆሮ ተደርጎ፣ ጥላሸቱ ታጥቦ ወደ ቀዳዳዎቹ ተመለሰ፤ እንዳይንቀጫቀጥ ከየቡሎኑ ሥር ሙቀት የሚችል ሰፊ የብረት ቀለበት ገባ፤ ላሜራው የሚጮኸው ሲላላ ብቻ እንደሆነ ጋሼ መፍቻ ራሳቸው አመኑ። የደረቁት ቱቦዎች ተቀየሩ፣ ሽቦዎቹም ራቅ ተደርገው ታሰሩ። የጭስ ማውጫውን ቧንቧ ሙቀት በሚከላከል ጨርቅ መጠቅለልም ተነስቶ ነበር፤ መምህርቷ «አሮጌ ብረት ነው፣ እርጥበት ይዞ ያዝገዋል፣ ይቆይ» አለች። ከሞተሩ ሥር ተፈትቶ የቀረው ሰፊ ፕላስቲክም ተፈልጎ ተገጠመ፤ እሱም በራዲያተሩ የገባው አየር መንገዱን ሳይስት ሞተሩን ዳስሶ እንዲወጣ የሚመራ ነው።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ጋሼ መፍቻ አሻፈረኝ አሉ። በሰፈራቸው ልማድ የምትሞቅ መኪና ኮፈኗ ከመስታወቱ በኩል በሁለት የጎማ ቁራጭ ከፍ ይደረጋል፣ ትኩሳቱ ይውጣ ተብሎ። «ይችንስ አልነካም! ጭሱ ሲወጣ በዓይኔ ያየሁትን?»

«ቆመው ሳሉ ይወጣል፣» አለች መምህርቷ። «ሲሄዱስ?»

«ሲሄዱማ ማን ያያል? ንፋስ ይታያል እንዴ?»

መምህርቷ ከቦርሳዋ ቀይ የሱፍ ክር አወጣች፤ ጣት ጣት በሚያህል ቆራርጣ አንድ አንድ ጫፋቸውን በፕላስተር ከኮፈኑ ኋላ አጠገብ ደረደረች። ከዚያ ጋሼ መፍቻ እየነዱ፣ እርሷ ከጎን፣ እመቤቲቱ ከኋላ ሆነው ወጡ። መኪናዋ ፍጥነት ስታገኝ ክሮቹ አንድ በአንድ ቀና አሉ፤ ተንቀጠቀጡ፤ ከዚያም ሁሉም በአንድነት አጎንብሰው በክፍተቱ ወደ ውስጥ ገቡ። አንድም ወደ ውጭ ያመለከተ አልነበረም።

«እየገባ ነው!» ጋሼ መፍቻ መንገዱን ረስተው ጮሁ።

«መስታወቱ ንፋሱን መልሶ ይገፋዋል። በዚህ በኩል የሚገባው ከፊት በራዲያተሩ የሚገባውን መውጫ ይዘጋበታል።»

«ንፋስ አየሁ፣» አሉ ጋሼ መፍቻ። ሽማግሌው እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፍተው ነበር። «አንቺ፣ አየሽ? ንፋስ አየሁ!»

«መንገዱንም እይልን፣» አሉ ባለቤታቸው።

ከኮፈኑ ሥር የነበሩትን የጎማ ቁራጮች ያነሷቸው ጋሼ መፍቻ በገዛ እጃቸው ነው።

በሚቀጥለው የእጥበት ቀን መኪናዋ ሰባቱን ጥምዝ ወጣች። አምስተኛው ላይም ቀስቷ መሀል ላይ ቆማ ንቅንቅ አላለችም፣ የጎማ ሽታም የለም። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ለሦስት ሰዓት ሃያ አምስት ደቂቃ ይቀር ነበር። በለመደ እጃቸው ቁልፉን ሊያጠፉ ሲሉ ከኋላ ጥፊ አረፈባቸው።

«ሁለት ደቂቃ!» አሉ እመቤቲቱ። «ዘይቱ ይዙር።»

ሞተሩ እያንጎራጎረ ሁለቱም ባሉበት ተቀመጡ። ጋሼ መፍቻ ከዚህ በፊት ገና ሳይቆሙ ቁልፍ ነቅለው፣ በር ከፍተው፣ «ነይ ነይ» እያሉ የሚሮጡ ሰው ነበሩ። አሁን የሚሮጡበት የለም። በመስታወቱ ባለቤታቸውን አዩዋቸው።

«እግርሽ እንዴት ነው?»

«ዛሬ ነው የጠየቅኸኝ።»

«ዛሬ ነው ጊዜ ያገኘሁት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ አላረፈዱም፤ እብጠቱም ወረደ። መኪናዋ ሌላ ቱርቦ አልጠየቀችም፣ ቱቦዎቿ እንደለሰለሱ ናቸው። ይህ ሁሉ የመጣው በአንድ ላሜራ፣ በጥቂት ቱቦ፣ መንገዱን ባገኘ አየርና በሁለት ደቂቃ ትዕግሥት ነው። መኪና ያለው ሰው ይህን ልብ ይበል፤ ሙቀትን በውሃ ከማስደንገጥ አስቀድሞ መንገድ ማበጀት ይሻላል።

ጋሼ መፍቻ ግን እንቅልፍ ያጡበት ሌላ ነገር ነበር። የግቢያቸው የጎን አጥር በአርባ ዓመት ውስጥ ከሰው መኪና ፈትተው ባወጧቸው «ትርፍ ላሜራዎች» የተሠራ ነው። ጠፍጥፈው፣ እርስ በርስ ደራርበው በምስማር አያይዘዋቸዋል። አንድ ጠዋት መዶሻ ይዘው ወጡና ከጫፉ ጀመሩ። ደንበኞቻቸው ለነበሩ ሁሉ ላኩባቸው፦ ያንተ ይሁን የሌላ አላውቅም፣ ግን ና፣ በልክህ ቆርጬ እገጥምልሃለሁ፣ የጎደለብህ በእኔ ነው። የመጣውን ሁሉ መጀመሪያ ወደ መምህርቷ ወርክሾፕ ይወስዱታል፤ በሩን ዘግተው፣ መብራቱን አጥፍተው ቀዩን ብረት ያሳዩታል። ሰው ሁሉ ቆቡን ያወልቃል።

አንድ ቀን መምህርቷ ከዳገቱ ወርዳ በግቢያቸው በኩል ስታልፍ አጥሩ ተጋምሶ አየችው። ባልና ሚስቱ ከሆስፒታል ተመልሰው ግቢው ውስጥ ከመኪናዋ ሳይወርዱ ተቀምጠዋል፤ ሞተሩ ይሠራል። ሁለት ደቂቃው ካለፈ ቆይቷል፤ ጋሼ መፍቻ አንድ ነገር እየተረኩ ነው፣ እመቤቲቱ ይስቃሉ።

«እትዬ፣ አጥሩ ሊያልቅ ነው እኮ!» አለች መምህርቷ ቆም ብላ።

«ይለቅ ልጄ፣» አሉ እመቤቲቱ። «ላሜራው የጎደለበት ገና ብዙ ሰው ይነዳል።»

ጋሼ መፍቻ ሰዓታቸውን አዩና ቁልፉን አጠፉ።